አማቷ ያረሙት ምዕራፍ

ደራሲዋ ያለፈ ዘመን ልብ ወለድ ትጽፋለች፤ እንጀራዋም ይኸው ነው። አንድ አመል ግን አለባት፤ ሳትሞክረው አትጽፍም። ስለ ድሮ ፖስተኛ ስትጽፍ አሥራ ሁለት ኪሎ ከረጢት ተሸክማ ሰፈሩን ስትዞር ከርማ ትከሻዋ ተላጠ። ስለ ሻማ ሠሪ ስትጽፍማ መጋረጃው ነደደ፣ ጉድ እኮ ነው! ባሏ «ስለ ቤት ቃጠሎ ልትጽፊ ያሰብሽ ዕለት ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ልብሴን ላውጣ» እያለ ይቀልድባታል።

ዘንድሮ የያዛት የድሮ ስልክ ቤት ነው፤ ሴቶች ተደርድረው ገመድ እየሰኩ ሰው ከሰው የሚያገናኙበት፣ ወሬው ሲያልቅ የሚነቅሉበት ክፍል። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፤ አማቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተውበታል። ጠዋት ጠዋት ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት ትገባለች፤ እሳቸው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ እሷ ትጠይቃለች። ማዳመጫው ጆሮ ያማል? ወንበሩ ይሽከረከራል? ሲያስነጥስዎትስ?

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ከመርማሪም ትብሻለሽ!» ይላሉ። ደስ እንዳላቸው ግን ያስታውቃል።

ረቂቁ ሰኞ አሳታሚው እጅ መግባት አለበት። በመጨረሻው ምዕራፍ ስልክ አገናኟ መስመሩ ደህና መሆኑን ልታጣራ ጆሮዋን ጣል ስታደርግ፣ የገዛ ባሏን ሞት ከማታውቃቸው ሰዎች አፍ ትሰማለች። ትጮህና ገመዱን መንጭቃ ትነቅላለች። አርታኢው አንብቦ አልቅሷል። እሷ ግን አማቷ «ልክ ነው» ካላሏት አይሆንላትም። ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋው ላይ ጎናቸው ተቀምጣ አነበበችላቸው።

«አትነቅለውም» አሉ አማቷ።

«እማማ፣ ባሏ እኮ ነው የሞተው!»

«አውቃለሁ። አልነቀልኩትም።»

ደራሲዋ ረቂቁን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የደራሲዋ ባልም በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። አባቱ በመኪና አደጋ ሲሞት ገና ልጅ ነበር፤ እናቱ መርዶውን ከጎረቤት እንደሰሙ ነው የሚያውቀው። እሳቸው ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ኖረዋል።

«የአውቶቡሱ ሹፌር ለአለቃው ነበር የሚደውለው» አሉ። «ተገልብጠን ስምንት ሰው ሞቷል ብሎ የሞቱትን በስም ይጠራል። የኔ ሰው ሦስተኛ ነበር። ከሱ በኋላ ገና አምስት ስም ቀርቷል። የአምስት ቤት ሰው ሲጠብቅ እንዴት ብዬ ልንቀለው?»

ደራሲዋ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ያን ሁሉ ገጽ ሰረዘችው። ሰኞ እንደማይደርስ ገባት፤ ይቅር! አማቷን እቅፍ አደረገቻቸው።

ባሏ መጥቶ እናቱ እግር ሥር ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ ያን ዕለት ማታ ከሥራ መጥተሽ ራት አቅርበሽልኝ ነበር እኮ። አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ስበላ ታዪኝ ነበር።»

«አዎ» አሉት ጸጉሩን እየዳበሱ፣ «ቀድሜ ብነግርህ መች ትበላልኝ ነበር።»