ምንባቡን የሚሸፍነው ሰውዬ

የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ ሰውዬውን ገና በር ላይ ስታየው ደሟ ይፈላል። ሽበቱ ሳያሳፍረው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መሐል ይሰየምና የእንግሊዝኛ መለማመጃውን ይገልጣል። ኮቱ የተተኮሰ ነው፤ ከደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ ብቅ ብሏል። የሚሠራው ግን በእርሳስ ነው። ምንባቡን እንደ ነውር በጋዜጣ ይሸፍንና ጥያቄዎቹን ብቻ እያየ፣ ከአራቱ ምርጫዎች ረጅሙን ያከብባል። ከዚያ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ያይና፣ የሳተውን በላጲስ አጥፍቶ ያስተካክላል፤ ለራሱም ትልቅ ራይት ይሰጣል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ አጠገቡ ያሉትን ልጆችም እንዲሁ እንዲሠሩ ይመክራል።

ዛሬ አላስቻላትም።

"ጋሼ፣ ምንባቡን ሳያነቡ መልሱን እንዴት ያውቁታል?"

"የኔ ልጅ፣ ምንባብ ማዘናጊያ ነው" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ አንድ ዓመት ሞኝ ሆኜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ያን ዓመት ፈተናውን ወደቅሁ።"

"በሌሎቹ ዓመታትስ?"

ሰውዬው ሦስቱን እስክሪብቶዎች አንድ በአንድ አስተካከለ።

"በሌሎቹማ" አለ ደረቱን ነፍቶ፣ "ለትንሽ ነው የወደቅሁት።"