ወደ ጎን፣ ሁለት ፊደል

ወታደሮች ከክፍል አስወጥተው የወሰዱኝ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ ነው። ያስገቡኝ ቤት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ የሚገኝ የድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው። የአይጥ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጥጉ ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ተኮራምታ ተቀምጣለች። እጆቿ ላይ የሠርጓ እንሶስላ ገና አልደበዘዘም።

የደምበጫ ልጅ ናት። ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘው መጡ። የት እንዳለ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ማወቁን ፈራሁት።

ወንድሜ የላከልኝ ዳቦ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ መስቀለኛ ቃላት ነበር፤ ስለ ፍቅርና ትዳር። ብዕር ስላልነበረን በሩ ሥር ከተጣለ መጥረጊያ ስንጥር ነቅለን፣ ፊደሎቹን እየወጋን እንሞላ ጀመር። እኔ በሹክሹክታ አነባለሁ፤ እሷ ትመልሳለች።

"ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ የሚቆዩበት ጊዜ፤ ሦስት ፊደል።"

"ጫጉላ" አለች። ቀጥላም፣ "እኛ ሳንጨርሰው ነው የመጡት፣ መምህርት።"

የከስክስ ጫማ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ወረቀቱን ቀሚሴ ስር እደብቃለሁ። ኮቴው ሲርቅ መተንፈስ እንጀምራለን። አንድ ከሰዓት ግን አልራቀም። በሩ ተበረገደ። ለመደበቅ ሳልደርስ ወረቀቱ መሬት ላይ ቀረ።

ሁልጊዜ ለጥያቄ የሚወስዳት መርማሪ ነበር። ወረቀቱን አንስቶ ቀዳዳዎቹን ወደ ብርሃን አቅንቶ አያቸው።

"ይኼ የምን ምልክት ነው?"

"ጨዋታ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የወጣ" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

ለራሱ አነበበ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

"'የሚስት አጋር፤ ሁለት ፊደል።' በይ መልሺ።"

"ባል።"

"የት ነው ያለው?"

"እዚያው፣ የያዙት ወረቀት ላይ" አለችው ዝግ ብላ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥፊውን አላየሁትም፤ ሰማሁት። ስገልጥ ከንፈሯ ደምቷል። እሱ ወረቀቱን ቦጫጭቆ ጥሎ ወጣ። እሷ ደሟን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ የተፈታ ሻሿን አውልቃ፣ አራግፋ፣ አስተካክላ አሰረች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አይፍሩ" አለችኝ። ጎንበስ ብላም የተቦጫጨቀውን ወረቀት ትለቅም ጀመር።

በነጋታው ወሰዷት። ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ተፈትቼ ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ዛሬም በር በኃይል ሲንኳኳ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ቀሚሴ ስር እደብቃለሁ። በቅርቡ ደምበጫ ገበያ ውስጥ አገኘኋት፤ ብቻዋን ነበረች። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ስለ ባሏ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ የመጣልኝ ያው የመርማሪው ጥያቄ ሆነ። ዋጥኩት።

"እንዴት ከረምሽ?" አልኳት።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነን።"

"ነን" ነው ያለችው፤ "ነኝ" አላለችም። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም።