ሳልጠይቅ የሞላሁት መስመር

ትናንት ከተማርኩበት የጤና ኮሌጅ መጠይቅ ደረሰኝ። «ከበሽተኛ ችግር ተነስቶ መማርን እንዴት አገኙት?» ይላል። ተማሪ እያለሁ ቢሆን «መምህር እያለ እኛ ለምን እንለፋለን?» ብዬ ጽፌ እገላገል ነበር። አሁን ግን አያ ታከለ ትዝ አሉኝና እጄ እምቢ አለ።

ሁለተኛ ዓመት ነን፤ ጥቅምት ነው፣ የጎንደር ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ለአምስታችን አንድ በሽተኛ ተሰጠን፤ እግራቸው ደርቆ በዱላ የሚሄዱ የድብ ባሕር ገበሬ፣ አያ ታከለ። መምህራችን ልማዱ ነውና ራሱ አላስተማረንም።

«ጠይቋቸው። ነገ አገራቸው ይገባሉ፤ ቤተሰባቸው ምን ማድረግ እንዳለበት የምትመክሩት እናንተ ናችሁ» ብሎን ወጣ።

እኔ ግን ብልጥ ነበርኩ። ከእኛ በፊት የተማሩት መልሱን በደብተር ያወርሱን ነበር፤ እሱን እያየሁ ቅጹን መሙላት ጀመርኩ። ስምንት ሰዓት ላይ የግዴታ የፖለቲካ ውይይት ክበብ አለ፤ ያረፈደ ሰው ፊት ቆሞ ራሱን ይሂሳል።

ከአምስታችን የገበሬ ልጅ የሆነው ደሴ፣ ሲናገር ቀስ ይላል፣ «ቆይ እስቲ፣ ምን እንደሚበሉ እንጠይቃቸው» አለ።

«ምነው ደሴ፣ ምሳ ልትጋብዛቸው ነው?» አልኩት።

ሁሉም ሳቁ። አያ ታከለም አብረውን ሳቁ። «ምግብ» በሚለው መስመር ላይ «እንጀራ» ብዬ ጽፌ ተነሳሁ።

በነጋታው መምህራችን ቅጹን አየና «የምን እንጀራ? ጠይቀሻቸዋል?» አለኝ። አልጠየቅኋቸውም። ልንደርስባቸው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሮጥን፤ የድብ ባሕር ማኪና ሄዷል። መምህራችን ደብዳቤ ላከባቸው፤ አልደረሳቸውም።

ከፋሲካ በኋላ ራሳቸው መጡ። ከኋላቸው ልጃቸው ማሬ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ከዚያ ወዲህ እግሯ ደርቆ እሷም ዱላ ይዛለች። አሁን ደሴ ምን እንደሚበሉ ጠየቃቸው።

«ጓያ ነዋ ልጄ። ቂጣውም ሽሮውም እሱ ነው። እግር የሚይዘው እንፋሎቱ ነው ሲሉን ደጅ እያወጣን ነው የምንቀቅለው።»

ደሴ አንገቱን ደፍቶ፣ እግር የሚያደርቀው እንፋሎቱ ሳይሆን ራሱ ጓያው እንደሆነ፣ አንዴ ከደረቀም እንደማይድን ነገራቸው። አያ ታከለ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«ምነው ያን ለት ሳትጠይቂኝ ቀረሽ? ሸጋ ባቄላ ነበረን እኮ። እሱን ሸጠን ነው ጓያውን የበላነው።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን በምሠራበት ጤና ጣቢያ ጉንፋን ይዞት የመጣውን ሳይቀር «ምን በላህ?» እላለሁ። «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ይሉኛል። ይበሉ። አሁን መጠየቄ የማሬን ጉልበት ግን አያቃናውም።