ያላለቀው የእትዬ ጥሩወርቅ ኩዊልት

አላመንኩም። ስልኩን ዘግቼ እንደገና ደወልኩ። ልጃቸው ሜሮን እያለቀሰች ያንኑ ደገመችልኝ፦ "አንቲ፣ ማሚ ፓስ አደረገች።"

እትዬ ጥሩወርቅ የሉም። ዛሬ ጠዋት፣ በዚሁ በኮሮና፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ሳይኖር።

ቬጋስ ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ዊንቸስተር ሰፈር የሚኖሩት፣ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡት፣ ስንት ዘመን የካዚኖ ሠራተኞች ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረው ጡረታ የወጡት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዚፕ የተበላሸበት ሁሉ ወደ እሳቸው ነበር የሚሮጠው።

አምና መጀመሪያ ላይ "ቅዳሜ ቅዳሜ ነይና ኩዊልት ተማሪ" አሉኝ። እዚህ የኩዊልት ሰፊዎች ማኅበር አለ፣ ጊልድ ይሉታል። ከሐበሻ አባል የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ምንድን ነው ስላቸው፣ አዲስ ጨርቅ ይገዛል፣ በካሬ በካሬ ይቆረጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይገጣጠምና ብርድ ልብስ ይሆናል አሉኝ።

ሳቄ መጣ። "እንዴ እትዬ! ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚባለው ይሄው ነዋ!"

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ መነኩሴዋ ሆነ።

ሄድኩላቸው። ፈረንጆቹ ሴቶች በማስመሪያ ሲለኩ እኔ በዓይኔ እየገመትኩ ቆረጥኩና አንዱ ካሬ ከአንዱ አልገጥም አለ። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ አለፈችኝ። እትዬ ማለፍ የሚባል ነገር አያውቁም፤ "ተርትሪው!" አሉኝ በሰው ፊት። "ደግሞ ተኩሺው። ካውያ ያልነካውን መርፌ አይነካውም።"

ማርች ላይ የምሠራበት ሆቴል ሲዘጋና ከሥራ ስንባረር መጀመሪያ የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው። "መነኩሴዋ! በይ አሁን ቆብሽን ቅደጂ!" አሉኝ። ትምህርቱ ወደ ዙም ዞረ። ካሜራቸውን ወደ ጣራው አዙረው፣ መልካቸው ሳይታይ፣ ድምፃቸው ብቻ ያዝዘኝ ነበር። ያንን የጸደይ ወቅት እብድ ሳልሆን ያለፍኩት በእሳቸው ነው።

በዚያ ጊዜ የራሳቸውን ኩዊልት ሰፉ። ከዩኒፎርሙ የተረፈ ቁርጥራጭ በካርቶን አስቀምጠው ኖሯል፤ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ወርቃማው። "ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሰፋሁ፤ ይሄ የኔ ነው" አሉኝ። የላይኛውን ፊት ገጣጥመው ጨረሱት። የቀረው ከሥሩ ጥጡንና ገበሩን አንጥፎ ሦስቱን አንድ ላይ በእጅ መስፋት ነበር። ጣታቸው ግን በቁርጥማት አብጦ መርፌ አልይዝ አላቸው።

አንድ ቀን ማስካቸውን አድርገው ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመው "የመኪናሽን ትራንክ ክፈቺ" አሉኝ። ኩዊልቱን በፌስታል አድርገው አስገቡልኝ። "ተማሪበት። ሲያልቅ ታለብሺኛለሽ።"

ጥጡን አነጠፍኩ፣ ገበሩን አነጠፍኩ፣ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ገበሩን ግን አልተኮስኩትም። ቸኮልኩ። ግማሽ ድረስ ሰፍቼ ገልብጬ ሳየው ከሥር ተጨማዶ፣ እንደተጨማደደ አብሮ ተሰፍቷል። ያቺኑ አንድ ነገር ነበር ያስተማሩኝ! አፈርኩ። ተርትሬ ከነመርፌ ቁልፉ አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ጀመርኩ። ኦቨርታይም መጣ። በየሳምንቱ ይደውላሉ፦ "መነኩሴዋ፣ ቆቡ አለቀ?"

"ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው፣ እትዬ።"

ውሸት ነበር። ጠርዙ አይደለም፣ ሁሉም ነበር የቀረው። ሁለት ወር ሙሉ "ጠርዙ ብቻ" አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ደወሉልኝ። እያንዳንዱን ቃል በትንፋሽ ነበር የሚያወጡት።

"ክፍሉ እንደ ፍሪጅ ነው። ያንን ነገር አምጪልኝ። በር ላይ ይቀበሉሻል ብለውኛል።"

"ነገ አመጣለሁ" አልኩ።

እንዴት ልውሰደው? መርፌ ቁልፍ ብቻ ነው። ከሥራ ቀርቼ ተቀመጥኩበት፤ ጣቴ እስኪደማ ሰፋሁ፣ አልገፋ አለኝ። በማግስቱም "ነገ" አልኩ። ከሱቅ ሌላ ብርድ ልብስ ገዝቼ ላድርስ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ያኔ ውሸቴ ይታወቃላ! እንዳላፍር ብዬ ተውኩት። ይኸው ነው የኔ ጉድ።

ዛሬ ሜሮን ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ። "ነርሷ ኤክስትራ ብላንኬት ኦፈር አድርጋት ነበር። ማሚ ኖ አለች። የኔ እየመጣ ነው አለቻት። አንቲ፣ የቱ ነው?"

እኔ ጋ ነው፣ አላለቀም አልኳት።

አይዞሽ ብላችሁ አትጻፉልኝ፣ አይገባኝም። ለእሳቸው ጸልዩላቸው። እኔ ዛሬ እንኳን አይዞሽ መስማት፣ ፊቴን መታጠብም አቅቶኛል። ኩዊልቱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ቀዩ አልቋል፣ ጥቁሩና ወርቃማው አልተነካም።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ቆቡ አላለቀም። ዋሸሁዎት። ሲበርድዎት በር በሩን እያዩ እኔን ጠበቁ፣ እኔም አልመጣሁም።

ሜሮን ቀብሩ ላይ ይዘሽው ነይ ብላኛለች። እመጣለሁ፣ ይሄኛው ነገ እንኳን እውነት ይሁን። አሁን ተሯሩጬ አልጨርሰውም፤ ሁለተኛ አለቀ ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም። ካውያ ግን አስነክቼዋለሁ። እንዳለ፣ ግማሹ እንደተሰፋ አለብስዎታለሁ።

መርፌ ቁልፎቹን ብቻ አንድ በአንድ አወጣቸዋለሁ፣ እትዬ። እንዳይወጉዎት።