ከናይሮቢ የሚመጣው ኮድ

መርሻ ቅናተኛ ነው። ሐሜት እንዳይመስልብኝ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። «ሚስቱ ላይ የማይቀና ሰው ምን ሊያደርግ አገባ?» ብሎ ነው የመለሰልኝ።

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። እሱ የደሴ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ረጋ ያለ፣ ቁምነገረኛ፣ ለጎረቤት ደራሽ ነው። የባለቤቱ የፍሬወይኒ ነገር ከተነሣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንዴ የሚኒባስ ረዳት ከፊት ወንበር ያዘላት ብሎ ከነገ ጀምሮ በባጃጅ ተመላለሺ አላት። የባጃጁ ሾፌር መልከ መልካም ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ሚኒባሱ ይሻላል አለ። እኔ በሳቅ ልሞት፣ እሷ በንዴት።

ፍሬወይኒ የመቐለ ልጅ ናት፤ ፋርማሲስት። ዓይደር ሆስፒታል አካባቢ የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚንከራተተው አስታማሚ አንጀቷን በላት። ስለዚህ የቱ ፋርማሲ የቱን መድኃኒት እንደያዘ የሚያሳይ የኢንተርኔት ፕሮግራም አሰበች፤ መርሻ ሠራላት። ፋርማሲዎቹም ወደዱት። ሥራዋም፣ ኩራቷም እሱ ሆነ።

ችግሩ ይህ ነገር የሚኖርበት ሰርቨር እኛ ጋ አለመሆኑ ነው። ባሕር ማዶ የተከራዩት ማሽን ነው። ኪራዩ የሚከፈለው በውጭ ካርድ ነው፤ የእኛ ካርድ እዚያ አይሠራም። እዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ውጭ ያለ ሰው ፈለጉ። የተገኘው ኣንዶም ነበር፤ ናይሮቢ የሚኖር የፍሬወይኒ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ። አካውንቱ በስሙ ተከፈተ፤ ለመግባት የሚያስፈልገው ኮድም በእሱ ስልክ ይመጣል። ኮዱ ደግሞ ቶሎ ካልተጠቀሙበት ይሞታል።

ኣንዶም ድሮ ለፍሬወይኒ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ ትምህርቷን ትጨርስ ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። መርሻ ይህን የሰማው ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ናይሮቢ የሚባል ከተማ በቴሌቪዥን ሲመጣ ጣቢያ ይቀይራል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን ደበደበ።

«ተነሥ፣ ሰርቨሩ አልነሣም ብሏል።»

«እኔ የጂኦሎጂ መምህር ነኝ፤ ምን ልረዳህ?»

«ጆሮህን ነው የምፈልገው። ፍሬ ለዚያ ለናይሮቢው ልትደውል ነው።»

እናቴ የማይጨው ሰው ናት፤ ትግርኛ አፌን የፈታሁበት ነው። የመርሻ ትግርኛ ግን ከገበያ አያልፍም።

ፍሬወይኒ ዓይኗ ቀልቶ ላፕቶፑ አጠገብ ቆማለች። ማሽኑን በጠዋቱ አጥፍታ ብታስነሣው በዚያው ቀርቷል። ስልኳን ድምፁ ከፍ ብሎ እንዲሰማ አድርጋ ደወለች።

«ከመይ ኣለኻ ኣንዶም?»

«ወይኒ!» አለ ሰውየው። መርሻ ፊቱ ተለዋወጠ። እሱ ፍሬ ነው የሚላት፤ የስሟን ግማሽ ለራሱ የያዘ፣ ሌላውን ግማሽ ሰው የወሰደበት መሰለው። ኮዱ ተነገረ፣ መርሻ ጻፈ፤ በንዴት ቁጥር ተሳሳተ፤ ኮዱ ሞተ። እንደገና ተደወለ።

«ኣጆኺ ወይኒ» አለ ኣንዶም፤ ሌላም ነገር ጨመረ።

«ምን አላት?»

«አይዞሽ አላት።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ! ከዚያ በኋላ ያለውን።»

«ባልሽ ጎበዝ ነው፣ ያስነሣልሻል አላት።»

«ውሸትህን ነው» አለኝ። እውነቴን ነበር።

በሁለተኛው ኮድ ገቡ። የማሽኑ ጥቁር ገጽ ተከፈተ፤ አንድ ዲስክ እየጠበቅሁ ነው ይላል። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጠየቀ። እንዲህ ያለ ማሽን የሚከፈተው በቁልፍ ፋይል ስለሆነ የይለፍ ቃል ያወጣለት ሰው የለም። ቁልፉ የሚሠራው ደግሞ ማሽኑ ከተነሣ ብቻ ነው። መርሻ የዲስኮቹን ገጽ ከፈተና ደነገጠ። መረጃው የሚቀመጥበት ዲስክ የለም።

«እሱ ነው! ሆን ብሎ ነው ያነሣው። እንድትደውይለት!» ላፕቶፑን ከደነ። «የሰበረ ይጠግነው። እኔ አልነካውም።»

«መርሻ፣ ፋርማሲዎቹ እየደወሉ ነው።»

«ለእሱ ይደውሉ።»

ስልኳ እውነትም ጮኸ፤ የፋርማሲ ባለቤቱ ገብረተንሳኤ ነበር። አንዲት አስታማሚ የልብ መድኃኒት ፈልጋ ከፊቱ ቆማለች፤ ወዴት ልላካት ይላል። ፍሬወይኒ «መልሼ እደውላለሁ» አለችው። ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞረች።

«እንታይ ኢኻ ትብል? ምንድን ነው የምትለው? ዲስኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ!»

አንዴ ጀምራለችና ቀጠለች።

«ዱባይ ያለችው እህትህ እታገኝ አዲስ አካውንት ከፈተችልን። መረጃውን ወደዚያ አዛወርኩ፤ አሮጌውን ዲስክ አጠፋሁ። አሮጌው ጋ የቀረው ፕሮግራሙ ብቻ ነው፤ መረጃውን ከአዲሱ ነው የሚያነበው። የኣንዶም ስም ከቤታችን ይውጣ ብዬ ነው፤ አንተ ደስ ይበልህ ብዬ! ጨርሼ ልነግርህ ነበር።» እንባዋ መጣ። «መቃጠልህ ሰለቸኝ፣ መርሻ።»

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። መርሻ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከፈተ። ያልተነሣውን ማሽን ዋና ዲስክ ከዚሁ ሆኖ በገጹ ላይ ነቅሎ እዚያው ከተከራየው ሌላ ጤነኛ ማሽን ጋር አያያዘው፤ የታመመውን ከጎረቤት አልጋ ማስተኛት በሉት። ማሽኑ ሲነሣ የሚያነበውን ፋይል ሲከፍት ጥፋቱ እዚያው ተጽፎ ነበር፤ ያ ዲስክ ካልመጣ አትነሣ የሚል መስመር። ከላዩ የጻፈው ሰው ስም አለ። መርሻ ይላል።

ከሌለ እለፈው የሚለውን ቃል ማስገባት ረስቶ ኖሯል። መስመሩን ሰርዞ ዲስኩን ወደ ቦታው መለሰው፤ ማሽኑም ተነሣ። ፍሬወይኒ ገና ዓይኗን ሳትጠርግ ለገብረተንሳኤ ደውላ መድኃኒቱ ያለበትን ፋርማሲ ነገረችው።

እኔም ተነሥቼ ልወጣ ስል መርሻ ጠየቃት፦ «ዲስኩን ስታነሺ ኮዱን ማን ሰጠሽ?»

«ማን ይሰጠኛል? ኣንዶም ነዋ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ። አንተ ሥራ ሳለህ።»

ፊቱ ጠቆረ። ከእሱ ለመገላገል እሱኑ መጥራት ነበረባት፤ ይህ ለአእምሮው ገብቶታል፣ ለሆዱ ግን አልገባውም።

በሳምንቱ ፕሮግራሙም ወደ አዲሱ አካውንት ተዛወረ። አሮጌውን ማሽን መዝጋት ብቻ ቀረ፤ ለመዝጋትም ኮድ ያስፈልጋል። ፍሬወይኒ እኔም ባለሁበት ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኳን ለመርሻ ዘረጋችለት። «እኔ አልደውልም። አንተ ደውል።»

ደወለ።

«ወይኒ!» አለ ኣንዶም።

«መርሻ ነኝ።»

ኣንዶም ጥርት ባለ አማርኛ «መርሻ፣ ሁሉን ነግራኛለች፤ ለእሱ ስል ነው ብላኛለች። ታድለህ» አለው። በድምፁ ውስጥ ያለውን ሁላችንም ሰማነው። ለካ የሚቀናው ሰውዬ ናይሮቢ ነበር።

መርሻ ያንን ድምፅ ሰምቶ ሊቆጣ አልቻለም። ኮዱን ተቀበለ፤ በመጀመሪያው ሙከራ አስገባው፤ ማሽኑ ተዘጋ።

«ኣንዶም፣ ስለ ሁሉም እናመሰግናለን» አለ። ሊዘጋው ጣቱን ዘረጋ፤ ሆዱ አልቻለም፣ መለሰው። «ስሟ ግን ፍሬወይኒ ነው።»