ከበሩ ትይዩ የተሰቀለው ፎቶ

በተሰደድንባት ከተማ፣ ናኪቩቦ በሚባለው ሰፈር፣ ከታክሲ መናኸሪያው ጀርባ ፍሬም የሚሠሩ አናጢዎች አሉ። ዛሬ በዚያ ሳልፍ የቫርኒሹ ሽታ ሰነፈጠኝና አባቴ መዶሻ እንደያዘ ትዝ አለኝ።

ያኔ ንሳምብያ በሚባል ሌላ ሰፈር፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበርን። ትምህርት ቤታችን ስለተሰደድንባት አገር መሥራች መሪ ውርስ የታሪክ ጥናት ሲያወዳድር አንደኛ ወጣሁ። ሽልማቱ ቫርኒሹ በቅጡ ባልደረቀ ፍሬም የገባ የመሪው ትልቅ ፎቶ ነበር። ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ እንደ ሕፃን አቅፌው መጣሁ።

አባቴ እንኳን ደስ አለሽ አላለኝም። ፎቶውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ከበሩ ትይዩ የነበረችውን የማርያምን ሥዕል አወረደና በቦታዋ መሪውን ሰቀለው። ከዚያ ደጅ ወጥቶ፣ ከውጭ መታየቱን አረጋግጦ ተመለሰ። እናቴ አማተበች።

አባቴ አገር ቤት ሳለ የቀበሌ ሰዎች የዚያኛው አገር መሪ ፎቶ መሰቀሉን ለማየት በየቤቱ ይገቡ እንደነበር አውቃለሁ፤ እሱው ነው የነገረኝ።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ ማንም መጥቶ አያይም» አልኩት።

«እዚያም መጀመሪያ ማንም አይመጣም ነበር» አለኝና ምስማሩን ደግሞ መታው።

ስለ መሪው የጻፍኩትን አባቴ እስኪሞት ድረስ አላነበበውም። ፎቶውን ግን በየቅዳሜው ይወለውል ነበር።

ዘንድሮ ልጄ ለዚያው ሽልማት ትወዳደራለች። ትናንት ጥናቷን ስታነብልኝ፣ ዓይኔ ከበራችን ትይዩ ያለውን ባዶ ግድግዳ ይለካ ነበር።