አምስት የኋላ ማርሽ

ሰፈሩ ሁሉ አባ ካምቢዮ ነው የሚላቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም እንኳን ጎረቤት፣ ፖስተኛውም ረስቶታል። ሞተር አይወዱም። ሞተር ለእሳቸው ጉልበት እንጂ ልብ ያልተፈጠረበት ጯሂ ነው፤ ያንን ጉልበት ተቀብሎ ልክ የሚያስገባው የማርሾቹ ቤት፣ ካምቢዮ ነው። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ደግሞ የድሮዎቹን፣ ሞተራቸው ከሹፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት የተሸጎጠ የእሽቅድድም መኪኖች ካምቢዮ ነው። እሱን ከፈቱ ምሳም ትዝ አይላቸው፣ ሰላምታም አይመልሱ።

ምራታቸው ጋራዡ ውስጥ ከጎናቸው ትሠራለች። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አባቷን በልጅነቷ ያጣች ስለሆነች በጣም ትወዳቸዋለች፤ አንዳንድ ቀን፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ከባሏም አስበልጣ። ባሏ፣ የሽማግሌው ልጅ፣ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ መኪና ቀለም ይቀባል፤ ይህንን ሳያውቅ አይቀርም፣ ግን ቅር አይለውም።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ሽማግሌው የአንዱን ካምቢዮ የዘይት መውጫ ብሎን ሳያጠብቁ ለቀቁትና ዘይቱ መንገዱን ሙሉ ፈሰሰ። ልጃቸው ደነገጠ።

«አባዬ፣ ዕድሜ ነው፣ ማንም ላይ አይቀርም። ሌላ ስህተት ከመጣ ግን ቤት ትቀመጣለህ» አለ።

«እሺ፣ ቃሌ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ምራቲቱ ግን ቤት መቀመጥ ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እሁድ እሁድ የሚፈታ ነገር ፍለጋ ከክፍል ክፍል ሲዞሩ ይውላሉ። አንድ ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከነማጠፊያው ነቅለው ወሰዱት፤ ውስጥ እንግዳ ነበር። ሳምንቱ ሁሉ እሁድ ከሆነባቸው አይከርሙም ብላ ትፈራለች።

እንግዲህ አንድ ጥርስ ሐኪም መጣ። ዝቅ ያለች ቀይ መኪና አለችው፤ ለቅዳሜው የአሮጌ መኪኖች እሽቅድድም ካምቢዮዋ ታድሶ መድረስ አለበት። «እኔ የሰው፣ እርስዎ የብረት» አላቸው፤ «ሁለታችንም በጥርስ ነው የምንበላው።» ሽማግሌው ሳቁለት። ለደንበኛ መሳቅ ልማዳቸው አይደለም።

የዚያች መኪና ካምቢዮ አንድ ጣጣ አለው። መጀመሪያ የተሠራው ሞተሩ ከኋላ ጎማዎቹ በስተጀርባ ለሚቀመጥ የቤተሰብ መኪና ነበር። የእሽቅድድም መኪናዋን የሠሩት ሰዎች ሞተሩን ወደ መሃል ሲያመጡት ካምቢዮውን አዙረው ገጠሙት። ስለዚህ ውስጡ ያለው ትልቁ ባለጥርስ ቀለበት ወደ ሌላው ጎን መዛወር አለበት፤ ካልተዛወረ መኪናዋ ፊትና ኋላዋን ታምታታለች። ይህን አባ ካምቢዮ በእንቅልፍ ልባቸውም ያውቁታል። ቀለበቱንም በገዛ እጃቸው ገጠሙ፣ ዘጉት፣ መኪናዋ ላይ አሰሩት።

ሐኪሙ መጥቶ ገባ፤ ገባ ከሚባል ተጋደመ ቢባል ይሻላል። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ለቀቀ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተፈናጥራ የአሮጌ ጎማ ክምር ውስጥ ተቀመጠች። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ሁለተኛውን ሞከረ፤ ይባስ ብላ ክምሩን ገፋችው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ የኋላ ማርሹን አስገባ። ያኔ እንደ ጨዋ ልጅ ቀስ ብላ ወደ ፊት መጣች።

«እኔ የምለው» አለ ሐኪሙ አንገቱን አስግጎ፣ «ውድድሩ ወደ ኋላ ከሆነ እኮ የሚቀድመኝ የለም። አምስት ማርሽ አለኝ።»

ሽማግሌው ክው አሉ፤ ቀለበቱን ወደ ሌላው ጎን ሳያዛውሩ ገጥመውታል። ልጃቸው ግርግሩን ሰምቶ የቀለም መርጫውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ማነው የገጠመው?»

ምራቲቱ አላሰበችበትም፤ አፏ ቀደማት። «እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ውሸቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ሳርም ኖሬ፣ የራሴን አንዷን ብሠራ ልትቀማኝ ነው? እኔ ነኝ። ቃሌም ቃል ነው።» የቱታቸውን አዝራሮች ከላይ ወደ ታች ይፈቱ ጀመር።

ባሏ መሬት መሬት አየ። ቤት ይቀመጡ ያለው ራሱ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ደስ አላለውም።

«እኔም አለሁበት» አለች ምራቲቱ። «ከመዝጋትዎ በፊት ‹አየሽው?› ብለውኝ ነበር። ‹አየሁት፣ ጥሩ ነው› አልኩዎት። አላየሁትም። የእርስዎን ሥራ አንድም ቀን መርምሬ አላውቅም አባባ። እርስዎ ይሳሳታሉ ብዬ እንዴት ላስብ?»

እጃቸው አዝራሩ ላይ ቆመ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ብቻዬን ነበር የምሠራው?» አሉ ቀስ ብለው።

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሰማህ? እኔን ቤት ማስቀመጥ ቀላል ነው። ከዚያ የእሷን ሥራ ማን ያይላታል?»

«እኔን እንዳታዩኝ» አለ ልጃቸው መርጫውን ከፍ አድርጎ። «እኔ ቀለም ነው የማውቀው። በሉ ተያዩ፤ ብቻ እውነተኛ መተያየት ይሁን።» ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሽማግሌው አዝራሮቻቸውን መልሰው ቆለፉ።

ካምቢዮው እንደገና ወርዶ ተከፈተ። ሽማግሌው ቀለበቱን በትክክለኛው ጎን ገጠሙና ከጠረጴዛው ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«እይው። የባዳ ሥራ ነው ብለሽ እይው።»

ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ቀለበቱን በጣቷ አዞረችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ እንደገና አዞረችው። «ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ቀለበቱ የሚዞርበት ኩሽኔታ ጠብቋል አባባ» አለች ዓይናቸውን ሳታይ። «ቀለበቱ ሲዞር ይይዘዋል። ትንሽ ላላ ያድርጉት።»

ሽማግሌው ራሳቸው አዞሩት። እውነቷን ነው። ቁልፋቸውን አነሱና እየተነጫነጩ ያላሉት ጀመር፤ ደስታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።